የባይፖላር መድኃኒት፣ መጠጥና የሰውነት ጤና፦ ደረጃ በደረጃ የጥንቃቄ መመሪያ

በባሕር ዳር በመድኃኒት መስጫ መስኮት ላይ ስሠራ በየሳምንቱ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «ነገ ሠርግ አለብኝ፤ መቅመሴ አይቀርም፤ ታዲያ ኪኒኑን ለዛሬ ልተወው?» ጥያቄው አንድ ቀን ከዘጌ በጀልባ ከመጣ ጎልማሳ፣ ሌላ ቀን ከመራዊ ልጇን ይዛ ከመጣች እናት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመጣል። መድኃኒቱና መጠጡ ይጣላሉ ብሎ መፍራት ተገቢ ነው፤ ፍርሃቱን ለማስታገሥ መድኃኒቱን መዝለል ግን ትክክል አይደለም። የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት ሥራውን የሚሠራው በደም ውስጥ ያለው መጠን ሳይዋዥቅ ሲቆይ ስለሆነ፣ በየሠርጉ፣ በየማኅበሩና በየሰንበቴው የሚዘል ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል።

መመሪያው በሐኪም የታዘዘለትን የባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) መድኃኒት ለሚወስድ አዋቂና ለአስታማሚው የተጻፈ ነው። የመድኃኒት መጠን አይወስንም፣ የሐኪምዎንም ትእዛዝ አይሽርም፤ ከሐኪምዎ ጋር ስለ ምን መነጋገር እንዳለብዎና በቤትዎ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ግን በዝርዝር ያሳያል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ትንሽ ደብተርና እስክርቢቶ
- ማንቂያ ደወል ያለው ስልክ
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው፣ ለሌላ ሕመም የተሰጡዎት ጭምር
- የ1 ሊትር ባዶ ሃይላንድ፣ የሚጠጡትን ውኃ ለመለካት
- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የወገብ ዙሪያ ለመለካት፤ ሚዛን በጤና ጣቢያም ይገኛል
- እውነቱን የሚነግሩት አንድ ሰው፦ የትዳር ጓደኛ፣ እኅት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት

ደረጃ 1፦ የመድኃኒትዎን ስም ይወቁ

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ ሚሊግራሙን፣ የሚወሰድበትን ሰዓትና የፍሬውን ቁጥር ከማሸጊያው ላይ ይገልብጡ። «ነጯ ኪኒን» ማለት አይበቃም፤ አምራቹ ሲለወጥ ቀለሙም ቅርጹም ይለወጣልና። ስሙ የግድ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ፤ አልኮል ከእያንዳንዱ መድኃኒት ጋር የሚጋጭበት መንገድ የተለያየ ነው።

ሊቲየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። መጠጥ ሽንት ያበዛል፣ ያስታውካል፣ ሰውነትን ያደርቃል፤ ሰውነት ሲደርቅ ኩላሊት ሊቲየሙን መልሶ ስለሚይዘው በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ብሎ ወደ መመረዝ ሊያደርስ ይችላል። ሶዲየም ቫልፕሮኤት አንዳንዴ ጉበትን ስለሚጎዳ፣ አዘውትሮ መጠጣት ሲታከልበት ጫናው በአንድ አካል ላይ ይደራረባል። ካርባማዜፒን የደም ሶዲየምን ሊቀንስና ሊያዞር ይችላል። ኦላንዛፒን፣ ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ሲነሡ የደም ግፊት ዝቅ እንዲል ያደርጋሉ፤ ከመጠጥ ጋር ሲሆን ሌሊት ለሽንት የተነሣ ሰው ወድቆ ራሱን ሊሰብር ይችላል። ከሁሉም የከፋው ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ዲያዜፓም ነው፤ ዲያዜፓምና አልኮል ሁለቱም አተነፋፈስን ስለሚያዳክሙ አብረው ሲወሰዱ ሊገድሉ ይችላሉ።

ደረጃ 2፦ የሚጠጡትን ሁሉ ሳይደብቁ ለ2 ሳምንት ይመዝግቡ

በየዕለቱ ምን፣ ስንት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደጠጡ ይጻፉ። ለማነጻጸሪያ እንዲሆንዎ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ 40 በመቶ አልኮል ያለው 50 ሚሊ ሊትር አረቄ ደግሞ 16 ግራም ያህል ይይዛል። ስለዚህ «እኔ አንድ መለኪያ ብቻ ነው የምቀምሰው» የሚል ሰው ከአንድ ቢራ የበለጠ እየጠጣ ሊሆን ይችላል። የቤት ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ጥንካሬያቸው ከጠማቂ ጠማቂ ስለሚለያይ የጠጡትን ብርሌ፣ ብርጭቆ ወይም መለኪያ ቁጥር ከነመጠጡ ዓይነት ይመዝግቡ።

ጫት የሚቅሙ ከሆነም ይጻፉት። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ማኒያን ማለትም ከልክ ያለፈውን የስሜት መነሣሣት የመቀስቀስ ኃይል አለው። ምርቃናውን ለመስበር ለጨብሲ የሚጠጣው መጠጥ ብዙውን ጊዜ ከሌላው ቀን ይበዛል፤ ያን ምሽት መድኃኒቱም ይረሳል።

ይህን ደብተር ለሐኪምዎ ያሳዩት። ሐኪሙ መጠጣትዎን ካላወቀ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ሊጨምር ወይም የማያስፈልግ መድኃኒት ሊደርብ ይችላል። ተግሣጽ ፈርተው ከአሥር ብርጭቆ ሁለቱን ብቻ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ከዚያ የሚመጣው ስሕተት ግን በራሳቸው አካል ላይ ነው የሚያርፈው።

ደረጃ 3፦ በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ በድንገት ብቻዎን አያቁሙ

መጠጥ መተው መልካም ነው፤ አተዋወቁ ግን ሥርዓት አለው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታትና እንቅልፍ ማጣት ይጀምረዋል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚጥል መናድ (ወድቆ መንዘፍዘፍ) ሊከሰት ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠትና ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ካልታከመ ይገድላል። ጠዋት ሳይቀምሱ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት መጠጥ ሲያቆሙ ጥሎዎት የሚያውቅ ከሆነ ማቆሙን በጤና ተቋም ይጀምሩ። በዚያ ለጥቂት ቀናት እየቀነሰ የሚሄድ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) ይሰጥዎታል።

ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባይፖላር ላለበትና ለሚጠጣ ሰው መንቀጥቀጥ ቢያንስ አራት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ብርጭቆ ሲያነሡ ብቻ የሚታይ ረቂቅ መንቀጥቀጥ ከሊቲየም ወይም ከቫልፕሮኤት ተራ የጎን ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሻካራ ሆኖ ከትውከት፣ ከተቅማጥ፣ ከመንገዳገድና ከምላስ መተሳሰር ጋር የመጣው የሊቲየም መመረዝ ምልክት ነው። እጅ ዕረፍት ላይ ሳለ የሚታይና ከሰውነት መገተር ጋር የሚመጣው ከሃሎፔሪዶል ወይም ከመሰሎቹ ሊሆን ይችላል። ከመጨረሻው ብርጭቆ ሰዓታት ቆይቶ ጀምሮ ሲጠጡ የሚቆመው ደግሞ የመጠጥ ማጣት ነው። አራቱም የተለያየ ሕክምና ስላላቸው፣ መንቀጥቀጡ የጀመረበትን ሰዓት፣ የመጨረሻው መጠጥ የተጠጣበትንና የመጨረሻው ኪኒን የተወሰደበትን ሰዓት ሦስቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ። ይህች አንዲት መስመር ሐኪሙን ከብዙ ግምት ታድነዋለች።

ደረጃ 4፦ የድግስ ቀን ስምምነት ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይጻፉ

ከሁሉ የሚሻለው አለመጠጣት ነው። መድኃኒት ከጀመሩ ወይም መጠኑ ከተለወጠ ገና ጥቂት ሳምንት ከሆነዎት፣ ስሜትዎ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ የጉበት ሕመም ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ዲያዜፓም የሚወስዱ ከሆነ ከቶ አይጠጡ። ከዚህ ውጭ ሆነው መጠጣትዎ የማይቀር ከሆነ፣ በክትትል ቀን ሐኪምዎን የሚከተሉትን ጠይቀው መልሱን በደብተሩ ላይ ያስጽፉ።

ሀ. ከመድኃኒቶቼ ምንም ቢሆን የማይዘለለው የትኛው ነው? በስንት ሰዓትስ ልውሰደው?
ለ. ከጠጣሁ በዚያ ሌሊት መውሰድ የሌለብኝ የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ኪኒን አለ?
ሐ. ለእኔ ጉበትና ኩላሊት ወሰኑ ስንት ነው?
መ. ካስታወከኝ ኪኒኑን ልድገመው ወይስ ልተወው?

መልሱ ለአንዱ ሰው ከሌላው ይለያል፤ ስለዚህ ለጎረቤትዎ የተጻፈውን ለራስዎ አይውሰዱ። በዕለቱ ምግብ ሳይበሉ አይጠጡ፤ በየብርጭቆው መካከል ውኃ ይጠጡ፤ የሚመልስዎትን ሰው አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ባጃጅም ሆነ ሞተር አይንዱ፤ ሐይቅ ላይም በታንኳ አይውጡ። በተለመደው የመኝታ ሰዓትዎ ለመተኛት ይሞክሩ፤ አንድ ሌሊት ሙሉ መንቃት ብቻውን ማኒያ ሊቀሰቅስ ስለሚችል።

ማስጠንቀቂያ፦ በማግስቱ ጠዋት ራስ ሲያም ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን መግዛት የተለመደ ነው። ሊቲየም ለሚወስድ ሰው ይህ ሦስት አደጋ በአንድ ላይ ነው፤ ሰውነቱ ደርቋል፣ ምናልባት አስታውኮታል፣ ያ ማስታገሻ ደግሞ ሊቲየም በኩላሊት እንዳይወጣ ያግዳል። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ሆኖም አዘውትሮ የሚጠጣ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2 ግራም ማለትም ባለ500 ሚሊግራም ከሆነ ከ4 ፍሬ እንዳያልፍ፤ ሐኪሙ ከዚያ ያነሰ ካለው ያንን ይከተል።

ደረጃ 5፦ ውኃን፣ ጨውንና ቡናን በአንድ ልክ ያቆዩ

ይህ ደረጃ በተለይ ሊቲየም ለሚወስዱ ነው። ኩላሊት ጨው ሲያጣ ሊቲየምን ይይዛል፤ ጨው ሲበዛ ይለቀዋል። ስለዚህ ጨው በድንገት መቀነስም ሆነ መጨመር የመድኃኒቱን መጠን እንደመለወጥ ይቆጠራል። በባሕር ዳር ሙቀቱ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ ዐቢይ ጾምም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ሙቀት ጋር ይገናኛል። እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ሳይቀምሱ በፀሐይ መዋልና ሊቲየም መውሰድ አብረው አይሄዱም። መጾም የሚፈልጉ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ለንስሐ አባትዎም ሕመምዎን ይንገሩ፤ አባቶች ለሕመምተኛ ጾሙን ማቃለላቸው የተለመደ ነው። ለረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለና። የኪኒኑን ሰዓት ግን በራስዎ አያሸጋሽጉ።

ጠበል የሚሄዱ ከሆነ መጠመቁ ከመድኃኒቱ ጋር አይጋጭም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በባዶ ሆድ ብዙ ሊትር ጠበል ጠጥቶ ማስታወክና ተቅማጥ ሲኖር ነው፤ ሊቲየም የሚወስድ ሰው በዚያ ይደርቃል፣ ካርባማዜፒን የሚወስድ ደግሞ የደሙ ሶዲየም ይቀንሳል። ኪኒንዎን ይዘው ይሂዱ፣ አብሮዎት የሚሆነው ሰው ሰዓቱን ያስታውስዎ፣ የሚጠጡትንም በልኩ ያድርጉ።

ቡና ሊቲየምን በሽንት ያስወጣል። በየቀኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቡና ቢተው የሊቲየሙ መጠን ከፍ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ መቀነስ ከፈለጉ ቀስ በቀስ ይሁን፣ ለሐኪምዎም ይንገሩ።

ትውከት ወይም ተቅማጥ በያዘዎት ቀን ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) ይጠጡ፤ ሊቲየም የሚወስዱ ከሆነ ቀጣዩን ኪኒን ሳይውጡ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ያለ ሐኪም ቃል መድኃኒቱን ለጊዜው ማቆም የሚፈቀደው በዚህና በመመረዝ ምልክት ጊዜ ነው፤ መቼ እንደሚቀጥል የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ደረጃ 6፦ ለሌላ ሕመም መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ደብተሩን ያውጡ

የግፊት ክፍልና የአእምሮ ሕክምና ክፍል አንዱ የሌላውን ማዘዣ ላያይ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል መልእክተኛው እርስዎ ነዎት።

ለደም ግፊት የሚሰጡት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሊቲየምን መጠን ከፍ ያደርጋሉ። አይሰጡም ማለት ሳይሆን፣ ሊቲየሙ እንደገና መለካት አለበት ማለት ነው።

ከክረምት በኋላ በጣና ዙሪያ ወባ ይበዛል። ትኩሳቱ፣ ላቡና ትውከቱ ሊቲየም ላይ እንደ ተቅማጥ ያለ ጉዳት አላቸው። ካርባማዜፒን ደግሞ ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው ወባው በደንብ ላይድን ይችላል፤ ሃሎፔሪዶልና ኮአርተም አንድ ላይ የልብ ምት ሥርዓትን ሊያዛቡ ይችላሉ። ስለዚህ የወባ መድኃኒት ሳይወስዱ በፊት የሚወስዱትን ይናገሩ።

በሐይቁ ውኃ ውስጥ የሚሠሩ ወይም የሚታጠቡ ከሆነ ቢልሃርዚያ ይመርመሩ፤ በሽታው ጉበትን ስለሚጎዳ ለቫልፕሮኤትም ለመጠጥም ትልቅ ጉዳይ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አንድ ጊዜ ያድርጉ። ካርባማዜፒን የቢልሃርዚያውን መድኃኒት ፕራዚኳንቴልንም ያዳክማል።

ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች፦ ቫልፕሮኤት በፅንስ ላይ ከባድ የአካልና የአእምሮ እድገት ጉዳት ስለሚያስከትል፣ ለማርገዝ ሲያስቡ ሳይሆን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግሩ። ካርባማዜፒን የእርግዝና መከላከያ ኪኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል፤ ሉፕንና የ3 ወር መርፌን ግን ያን ያህል አይነካም። ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱም ካርባማዜፒን ከመጀመራቸው በፊት ለሁለቱም ክፍል ይናገሩ።

ደረጃ 7፦ የምርመራ ቀኖችዎን በደብተሩ ይያዙ

የሊቲየም መጠን የሚለካው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከወሰዱ ደም የሚሰጡት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ የጠዋቱን ኪኒን ከደሙ በኋላ ይውሰዱ። አስቀድመው ውጠው ከሄዱ ቁጥሩ ያለልክ ከፍ ብሎ ሐኪሙን ያሳስተዋል። ተፈላጊው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ ከ1.5 በላይ ሲሆን የመመረዝ አደጋ ከፍተኛ ነው። መጠኑ በተለወጠ ቁጥር ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ ሲረጋጋም በየ3 እስከ 6 ወሩ ይለካል፤ ኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ በየ6 ወሩ ይታያሉ። ምርመራውን የሚሠራው የትኛው ላቦራቶሪ እንደሆነ መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ።

ለቫልፕሮኤት የጉበትና የደም ሕዋስ ምርመራ ሲጀመር፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደረጋል። ለኦላንዛፒንና ለመሰሎቹ ስኳርና የደም ቅባት ሲጀመር፣ በ3ኛው ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ይታያል። ክብደትንና የወገብ ዙሪያን በየወሩ እርስዎ ይለኩ፤ 60 ኪሎ የነበረ ሰው በአንድ ወር 3 ኪሎ ከጨመረ ለሐኪሙ ይንገር እንጂ መድኃኒቱን በራሱ አይተው።

ደረጃ 8፦ አቀማመጥና መጠባበቂያ

መድኃኒቱን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ፣ ከምድጃ አጠገብና ከመስኮት ያርቁ። የቫልፕሮኤት ኪኒን እርጥበት ስለሚስብ እስከሚወስዱት ድረስ ከማሸጊያው አያውጡት፤ በክረምት ይህ በተለይ ያስፈልጋል። መንገድ ሊዘጋ፣ መድኃኒቱም ከመደርደሪያ ሊያልቅ ስለሚችል ሁልጊዜ ቢያንስ የ7 ቀን መጠባበቂያ ይኑርዎ፤ ለቀጠሮ የሚመጡት የመጨረሻው ፍሬ ካለቀ በኋላ ሳይሆን መጠባበቂያው ሳይነካ ነው።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ ግን መድኃኒቱ በአስታማሚው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ለእርስዎ የየቀኑ ብቻ ይሰጥዎ። ሊቲየም በብዛት ሲወሰድ ገዳይ ነው፤ መጠጥ ደግሞ ሐሳብን በቅጽበት ወደ ድርጊት ይለውጣል።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

- ትናንት የረሱትን ዛሬ ደርቦ መውሰድ። የረሱትን ብዙ ሳይቆይ ካስታወሱ ይውሰዱ፤ ለቀጣዩ ከተቃረበ ይለፉት።
- «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም። የተሻለዎት መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው፤ ሊቲየም በድንገት ሲቆም ማኒያ ቶሎ ያገረሻል።
- እንቅልፍ ለማምጣት መጠጣት። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ያነቃል።
- መጠጥ ያቆመን ሰው እንቅልፍ ማጣትና መቁነጥነጥ ማኒያ ነው ብሎ በቤት ውስጥ ማቆየት።
- ሃሎፔሪዶል አንገት ሲያጣምም ወይም ዓይን ወደ ላይ ሲሰቅል እንደ መንፈስ መቁጠር። በሆስፒታል በመርፌ ቶሎ የሚስተካከል የጎን ጉዳት ነው።

ደረጃ 9፦ የአስታማሚው ወረቀት

ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀድደው የሚከተለውን ይጻፉበትና አብሮዎት ለሚኖረው ሰው ይስጡት፤ እነዚህ ሲታዩ የሚወስነው የታመመው ሰው ሳይሆን እርሱ ስለሆነ።

ሻካራ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ የምላስ መተሳሰር ወይም ግራ መጋባት፤ ጠጥቶ ተኝቶ ሲቀሰቀስ አለመንቃት ወይም ትንፋሽ መዘግየት፤ መናድ (ወድቆ መንዘፍዘፍ)፤ ከፍተኛ ትኩሳት ከሰውነት መገተር ጋር፤ የዓይን ቢጫ መሆን፤ 2 ሌሊት ያለ እንቅልፍ አልፎ ድካም አለመሰማት፤ ስለ ሞት መናገር። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ጠጥቶ ራሱን የሳተውን ሰው በጎኑ አስተኝተው ይጠብቁት፤ ቡናም፣ ውኃም፣ ኪኒንም በአፉ አይስጡት። ሲሄዱ ደብተሩንና የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ሁሉ፣ ባዶዎቹንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ፤ ስንት ፍሬ እንደጎደለ የሚቆጠረው ከእነርሱ ነው።